የዕቁቡን ብር ዓሣ በላው!

ሉማሜ አንድ ቤት ስለገባው የመስታወት ገንዳ፣ ስለ «ሎች» አያያዝና እርባታ፣ ስለ ባልና ሚስት ምክክርም

እናንተዬ፣ ትዳር በስንት ነገር ይናጋል? በመጠጥ ሲናጋ ሰምተናል። በውሽማ ሲፈርስ አይተናል። በአማት ምላስ የተበተነውንማ ቤቱ ይቁጠረው። በዓሣ ምክንያት የተለያዩ ባልና ሚስት ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ይህ ደብዳቤ እጄ እስኪገባ ድረስ።

ደብዳቤው የመጣው ከሉማሜ ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከአዋበል ወረዳ ከተማ። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ስሟን እንዳላወጣ አደራ ብላኛለችና አደራዋን ጠብቄ ቃሏን በጥቂቱ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ባለቤቴ ፎቶ ቤት አለው። አይጠጣም፣ አይዞርም፣ ሰውም አይጠላውም። እኔ ከእንጀራዬ እየቀነስኩ ዓመት ሙሉ የጣልኩት ዕቁብ 40 ሺህ ብር ወጣልን። ብሩ ለቤታችን ቆርቆሮና ለልጆቹ ትምህርት ነበር የታሰበው። ባለቤቴ ለፎቶ ቤቱ ዕቃ ልግዛ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ ይዞ የመጣው የመስታወት ገንዳና አምስት ዓሣ ነው። ከብሩ 27 ሺው አልቋል። እናቱ እንኳን ‹እንግዲህ ይኸ ዓሣ መቼ ነው ወጥ የሚሆነው?› ብለው ቀለዱ። በ16 ቀን ውስጥ አራቱ ሞቱ። አምስተኛዋ በጎኗ ተኝታ ብናገኛት ሞታለች ብሎ አውጥቶ ጓሮ ጣላት። ትልቋ ልጄ ግን ‹ስትንፈራገጥ አይቻታለሁ› ብላ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። አሁን ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት ነው ያለሁት። በዓሣ ምክንያት ባሏን ፈታች ብለው ሰዎች ሊስቁብኝ ነው። የከፋኝ ግን ዓሣው አይደለም፤ ሳይነግረኝ ማድረጉ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

አንብቤ መጀመሪያ ልስቅ ቃጣኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። የአንድ ዓመት የእሳት ዳር ልፋት ነው እኮ!

ባልየው ምን ይላል?

የአንድ ወገን ነገር ሰምቶ መፍረድ ደግ አይደለም። በደብዳቤው ግርጌ በሰፈረው ስልክ ባልየውን አገኘሁት። ለመናገር አፍሮ ትንሽ ቆየና እንዲህ አለ።

«ምን ልበልዎት። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ አየሁት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። የእኔ ፎቶ ቤትም እንዲህ ቢሆን ደንበኛ ይመጣል አልኩ። ከዚያ አንድ ዓሣ ሻጭ ጋ ገባሁ። ብርቱካን የመሰሉ፣ ሦስት ጥቁር መቀነት የታጠቁ ዓሦች አሳየኝ። ‹እነዚህ ይራባሉ፤ በዓመት መቶ ልጅ ይሰጡሃል፤ አንዱን በዚህን ያህል ትሸጣለህ፤ ብርህን እጥፍ አድርገህ ትመልሳለህ› አለኝ። ለባለቤቴ ድንገት ትርፉን ይዤ ላስደስታት ብዬ ነው እንጂ ልደብቃት አልነበረም።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሰውዬው ክፉ አይደለም። የቸኮለ ነው። የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል።

ታዲያ በዚህ ነገር የተጎዳው እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ዛሬ በየሆቴሉ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየሳሎኑ የዓሣ ገንዳ እየተለመደ ነው። ገዝተው በሳምንቱ ባዶ መስታወት ታቅፈው የቀሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለሉማሜዋ እህታችን መልስ ከመስጠቴ በፊት ስለ ዓሣው እናውራ። ዓሦቹ ለምን እንደሞቱ ካላወቅን ጥፋቱ የማን እንደሆነም አናውቅም።

ሎች ማለት ምንድን ነው?

ባልየው የገዛቸው ዓሦች በእንግሊዝኛ ስማቸው «ክላውን ሎች» ይባላሉ። ሎች የአንድ ዓሣ ስም አይደለም፤ የብዙ ዓይነት ዓሦች ወገን መጠሪያ ነው። አብዛኞቹ የእስያና የአውሮፓ ናቸው። ጠባያቸው የውሃ ወለል ላይ መኖር ነው። እንደ አምባዛ በአፋቸው ዙሪያ ጢም አላቸው። ሌሊት በዚያ ጢም አሸዋውን እየዳሰሱ ትል፣ ቀንድ አውጣና ትርፍራፊ ይለቅማሉ። ቀን ከድንጋይ ሥር፣ ከግንድ ሥር መደበቅ ይወዳሉ።

ክላውን ሎች የሱማትራና የቦርኒዮ ወንዞች ልጅ ነው። በሳይንስ ስም ሰጥቶ የመዘገበው በ1852 እ.ኤ.አ. ፒተር ብሌከር የተባለ የኔዘርላንድ ጦር ሐኪም ነው። ሱቅ ውስጥ ስታዩት የጣት ርዝመት እንኳን አይሞላም። ነገር ግን እየቆየ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል። ልጅ ወልዳችሁ፣ አሳድጋችሁ፣ ድራችሁ ዓሣው ያው አለ ማለት ነው! ብቻውን መኖር አይወድም፤ አምስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ነው ደስ የሚለው። እንግዲህ አምስት ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ስንት ውሃ ይፈልጋል? ሲያድጉ ከ400 ሊትር በላይ። ለወንድማችን የተሸጠለት ገንዳ ግን 60 ሊትር ነው። ኮርማ በዶሮ ቤት ማለት ይኼ ነው።

አሁን ወደዚያች ወደተጣለችው ዓሣ እንምጣ። ይህን ስጽፍ ልቤን እያመመኝ ነው። ክላውን ሎች በጎኑ ተኝቶ ያርፋል! አንዳንዴም በጀርባው ይገለበጣል። ድንጋይ መሃል ተሸጉጦ፣ ዘንበል ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። የማያውቅ ሰው ሲያየው «ሞተ» ይላል። የዓሣው ጠባይ ነው እንጂ ሞት አይደለም። በዓለም ላይ ስንቱ ባለ ገንዳ በዚህ ነገር ደንግጧል መሰላችሁ። የልጅቷ ዓይን አልተሳሳተም።

ስለዚህ ዓሣ ሞተ ከማለታችሁ በፊት የጉንጩን ክዳን እዩ። ክዳኑ ከፈት ዘጋ የሚል ከሆነ እየተነፈሰ ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ ትንሽ ጠብቁ። ከዚያ በለስላሳ ነገር ቀስ ብላችሁ ንኩት። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ በየዓይኑ ሥር የሚታጠፍ እሾህ አለው። ሲደነግጥ እሾሁን ያወጣል። በመረብ ከያዛችሁት እሾሁ መረቡ ላይ ይያዝና ይጎዳል፤ እጅም ይወጋል። በጣሳ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ከነውሃው መቅዳት ይሻላል።

አራቱን የገደላቸው ምንድን ነው?

ባልየውን አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ገንዳውን ባመጣበት ቀን የቧንቧ ውሃ ሞላበት። በዚያው ሰዓት ዓሦቹን ጨመረ። ውሃ ማሞቂያ አልገዛም። የፎቶ ቤት ደንበኛ በመጣ ቁጥር ዳቦና እንጀራ እየቆረሰ ይጥልላቸዋል፤ «ሲበሉ ሰው ይስቃል» አለኝ። ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ሁሉንም ደፍቶ፣ ማጣሪያውን በሳሙና አጥቦ፣ አዲስ ውሃ ሞላ። በቃ! ገዳዮቹ ሁሉ እዚህ ውስጥ አሉ።

አንደኛው ገዳይ እርሾ ማጣት ነው። አዎ፣ እርሾ! ዓሣ ይተነፍሳል፣ ይጸዳዳል። ከዚህ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ወንዝ ውስጥ ቢሆን ውሃው ጠርጎት ይሄዳል። ገንዳ ውስጥ ግን የት ይሄዳል? የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም ገና መርዝ ነው። ሌሎቹ ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይኼኛው ብዙም አይጎዳም፤ በሳምንት በሳምንት ውሃ ስንቀይር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ። በብርድ ደግሞ ይዘገያሉ። አዲስ ገንዳ እርሾ እንዳልነካው ሊጥ ነው። በዚያው ቀን ዓሣ የጨመረ ሰው እርሾ ሳያደርግ ምጣድ የጣደ ነው።

ምን ይደረግ? ገንዳውን ሙሉ፣ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን አስነሱ፣ ዓሣ ግን አትጨምሩ። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ ባክቴሪያው በእሱ ይራባል። ጤነኛ የቆየ ገንዳ ያለው ሰው ካወቃችሁ ደግሞ ከማጣሪያው ትንሽ ስፖንጅ ለምኑ። ጎረቤት እርሾ እንደሚበደረው መሆኑ ነው፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥራል። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ካገኛችሁ ሁለቱም ዜሮ ሲያሳዩ ዓሣ ጨምሩ። እሱንም በአንዴ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት። ማጣሪያውን ደግሞ በሳሙና ወይም በቧንቧ ውሃ አትጠቡት። እርሾውን ደፋችሁት ማለት ነው። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው ገዳይ ክሎሪን ነው። የቧንቧ ውሃ ለእኛ ጤና ተብሎ ክሎሪን ይደረግበታል፤ የዓሣን ጉንጭ ግን ያቃጥላል፣ ባክቴሪያውንም ይገድላል። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድቶ ክፍቱን አንድ ቀን ማሳደር ነው። ስትቀይሩም ሁሉንም አትድፉ። በሳምንት ሩብ ያህሉን ቅዱና ያደረና ሙቀቱ የተቀራረበ ውሃ ጨምሩ።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ክላውን ሎች ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሞቅ ውሃ ይፈልጋል። የሉማሜን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓሦቹ ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ የዓባይን በረሃ በላስቲክ ከረጢት ወርደው በሙቀት ተቀቅለው፣ ከደጀን ወዲህ ብርድ ውስጥ ገቡ። እንዲህ ሲሆን ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ይመጣል። ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ሎች ደግሞ ቅርፊቱ በጣም ጥቃቅን ስለሆነ ለዚህ በሽታ ቶሎ ይጋለጣል። መድኃኒቱም ይከብደዋል፤ መዳብ ያለበትማ ሊገድለው ይችላል። ዋናው ሕክምና ሙቀቱን ቀስ በቀስ እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ማድረግ፣ አየር መጨመር፣ ጠጠሩን መጥረግ ነው። መድኃኒት የግድ ከሆነ ለሎች የሚሆነውን ጠይቆ፣ ብዙ ጊዜ በግማሽ መጠን ነው።

አራተኛው አየር ነው። ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ባለ ደጋ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ደረጃ ከሚይዘው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ሎች ደግሞ የሚፈስ ውሃ ልጅ ነው። ስለዚህ የእኛ የደጋ ሰዎች የአየር መግፊያውን ጠንከር ያለ መግዛት አለብን። መብራት ሲጠፋስ? ማጣሪያውም ማሞቂያውም ይቆማል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መግፊያ ቢኖር መልካም ነው። ከሌለ በኩባያ ከገንዳው እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን፣ መብራት እስኪመጣ ምግብ አለመስጠት። ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም።

አምስተኛው እንጀራና ዳቦ ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ ይቦካል፤ ውሃውን ያበላሻል። ለሎች የሚስማማው ወደ ወለል የሚሰምጥ የዓሣ ምግብ፣ ማዳበሪያና መርዝ ካልነካው አፈር የወጣ በደንብ የታጠበ የመሬት ትል፣ ተቀቅሎ ቆዳው የተላጠ አተር፣ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ኪያር ነው። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ጣሉለት፤ ያን ጊዜ ነው የሚወጣው።

«ይራባሉ» የሚለው ነገርስ?

ወንድማችንን ኪሱ ድረስ የገባው ይኼ ቃል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ። ክላውን ሎች በቤት ገንዳ ውስጥ አይራባም ማለት ይቀላል። በተፈጥሮው ክረምት ሲገባ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ፣ ጎርፍ በተኛበት መስክ ላይ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጣና ነጭ ዓሦችም ክረምት ላይ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉት ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን እዚያ ጥለው ይመለሳሉ። በዚያ ሰዓት የወንዙ አፍ ላይ መረብ ስለሚዘረጋባቸው ቁጥራቸው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእጅጉ ማሽቆልቆሉ ተጠንቷል። ታዲያ ወንዝ የሚያሸትት ዓሣ በ60 ሊትር መስታወት ውስጥ ምን ሊያደርግ? በንግድ የሚያራቡት ሰዎች የሆርሞን መርፌ እየወጉ ነው። ከዚያ ውጭ ለገበያ የሚቀርበው ከሱማትራና ከቦርኒዮ ወንዞች በሕፃንነቱ የተጠመደ ነው። «በዓመት መቶ ልጅ» ያለው ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ ያውቃል። ሁለቱም ያው ነው።

ማራባት የምትፈልጉ ከሆነ «ኩህሊ ሎች» የሚባለውን ፈልጉ። እባብ መሳይ፣ ቀጭን፣ ቡናማና ቢጫ ቀለበት ያለው፣ አድጎ ከ10 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማያልፍ ነው። 80 ሊትር ገንዳ ውስጥ ስድስት ሆነው ይኖራሉ። ውሃው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ፣ ወለሉ ጠጠር ሳይሆን ደቃቅ አሸዋ፣ ብዙ መደበቂያ፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል። ሴቲቱ እንቁላል ስትይዝ ትወፍራለች፤ አረንጓዴው እንቁላል በሆዷ ቆዳ ውስጥ ይታያል። እንቁላሉን ከተንሳፋፊው ተክል ሥር ይጥላሉ። ከጣሉ በኋላ ራሳቸው ይበሉታልና ወይ ወላጆቹን፣ ወይ ተክሉን ከነእንቁላሉ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ነው። አንድ ቀን ገደማ ሲሆነው ይፈለፈላል።

ጫጩቶቹን ምን እናበላቸዋለን? እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ከማንም ይበልጣል! እፍኝ ድርቆሽ በማሰሮ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ለጥቂት ቀናት አስቀምጡ። ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ይፈላሉ። ከእሱ በጠብታ ትሰጧቸዋላችሁ። ይህ በዓለም ሁሉ ያሉ ዓሣ አርቢዎች የሚያውቁት ዘዴ ነው።

ይህም ሆኖ ተስፋ አልሰጣችሁም። ኩህሊም ቢሆን ሲፈልግ ነው የሚወልደው። ብዙ ሰው ልጆቹን የሚያገኘው ሳያስበው፣ ማጣሪያውን ሊያጥብ ሲከፍት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የዕቁብ ብር ግን አይመለስበትም።

የራሳችን ሎች አለን!

ለባልየው ይህን ስነግረው ማመን አቃተው። ኢትዮጵያ የራሷ ሎች አላት። በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ቡላንዤ ከጣና፣ ከባሕር ዳር የተገኘች አንዲት ትንሽ ዓሣ በሐበሻ ስም መዘገበ። «ኔማኬይለስ አቢሲኒከስ» አላት። ከብዙ ዘመን በኋላ በደቡብ ምዕራብም፣ በኦሞ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ ሎች መኖሩ ታወቀ። በ2009 እ.ኤ.አ. የእኛዎቹ ከእስያዎቹ ይለያሉ ተብሎ «አፍሮኔማኬይለስ» የሚል የራሳቸው የወገን ስም ወጣላቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚያው ከኦሞ ተፋሰስ የተገኘው ሁለተኛ ዓይነት «ካፋ» ተብሎ ተሰየመ። የጎጃሟ ደምበጫም በ2007 እ.ኤ.አ. ስሟ በዓሣ ተጠርቷል፤ «ጋራ ደምበጫ» የሚባለው ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ዓሣ ነው። ያንን ካጠኑት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አበበ ጌታሁን ናቸው። እኛ በእግራችን የምንሻገረው ወንዝ ውስጥ ዓለም የሚያጠናው ፍጥረት አለ!

ታዲያ ይህን ያነሳሁት የጣናን ሎች አጥምዳችሁ ገንዳ ውስጥ እንድታስገቡ አይደለም። እንኳን ለገንዳ፣ ለራሱም በቅጡ አልታወቀም፤ ተዉት ባለበት ይኑር። ያነሳሁት ለአንድ ማስጠንቀቂያ ነው። የሰለቻችሁን የገንዳ ዓሣ ወንዝ ውስጥ አትድፉ! ሦስተኛ ዓይነት ሎች አለ፤ «የአየር ጠባይ ሎች» ይሉታል። የቻይና፣ የኮሪያና የጃፓን ነው። ዝናብና ማዕበል ሊመጣ ሲል የአየር ግፊቱ ሲወርድ ይታወቀውና ገንዳው ውስጥ ይራወጣል። አየር ከላይ ጎርሶ በአንጀቱ ይተነፍሳል። ብርድ ይችላል። ለሉማሜ የሚስማማው እሱ ነው ትሉ ይሆናል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ለሉማሜ ገንዳ የተስማማ፣ ለሉማሜ ወንዝም ይስማማል። አውስትራሊያ ውስጥ ከገንዳ አምልጦ ወንዙን ወርሮታል። ክላውንና ኩህሊ ብርዱ ስለማይስማማቸው ይህ ሥጋት አነስተኛ ነው። እንቦጭ በጣና ላይ ያደረገውን ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓይናችን አይተናል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ዓሣ ደፊም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ለእህታችን

እህቴ፣ እውነት አለሽ። ያስከፋሽ ዓሣው አለመሆኑን የጻፍሽው ራስሽ ነሽ። የጋራ ብር ያለ ምክክር ከቤት ሲወጣ፣ ለዓሣ ቢወጣም ለወርቅ ቢወጣም ጥፋት ነው። «ላስደስታት ብዬ ነው» የሚለው ቃል ጥፋቱን ያለሰልሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ይህን ለባለቤትሽም በስልክ ነግሬዋለሁ፤ አልተከራከረኝም።

ነገር ግን ባልሽ ሰካራም አይደለም፤ ሴሰኛ አይደለም፤ ውሸቱም የክፋት አይደለም። የተታለለ ሰው ነው። የተታለለን ሰው አሳፍሮ ማባረር ሌላ ጊዜ ሲታለል እንዲደብቅ ማስተማር ነው። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ሽማግሌ ይግባ። ሦስት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ ቀሪው 13 ሺህ ብር በሁለታችሁ ስም ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ 27 ሺውን ከፎቶ ቤቱ ገቢ በየወሩ ቆርጦ ይተካ። ሦስተኛ፣ ልጁን ቁጭ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃት። ሦስተኛውን አትናቂው። ልጅ «አይቻለሁ» ስትል አባቷ አልሰማትም፤ ዓይኗን እንዳትጠራጠር እውነቱን ከእሱ አፍ ትስማ።

ለአንተም ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልበልህ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ የማታውቀውን ሻጭ ምክር ጠየቅክ። ቤትህ ውስጥ ግን በየሁለት ቀኑ ሊጥ የምታቦካ፣ እርሾ ሳይደርስ ምጣድ የማትጥድ፣ ብርድ ሲሆን ሊጡ እንደሚዘገይ የምታውቅ ሚስት ነበረችህ። ነገሩን ብታማክራት ኖሮ «ቆይ፣ ውሃው ይረፍ» የምትልህ እሷ ነበረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህን ጽፌ ከመጨረሴ በፊት ባልየው ደወለልኝ። ሽማግሌዎች ባለፈው እሑድ ተቀምጠዋል። ሚስትየው ሦስቱንም ጠይቃ አራተኛ ጨምራለች፤ የሚቀጥለው ዕቁብ በእሷ ስም እንዲጣል። እሺ ብሏል። ገንዳው ይሸጥ ቢባል ትልቋ ልጅ አልሸጥም ብላ አለቀሰች። ስለዚህ ፎቶ ቤቱ ጥግ ላይ ውሃ ብቻ ሞልቶ ተቀምጧል። ማሞቂያ ተበድሯል። ዓሣ የለበትም። በየቀኑ ቁንጥር ምግብ የምትጥልበት ልጅቷ ናት፤ ሳምንቱንም በጠመኔ ግድግዳው ላይ ትቆጥራለች።

«እሷስ፣ ባለቤትህስ ምን አለች?» አልኩት።

«ትናንት እንጀራ አስረክባ ስትመለስ ገባች» አለ። «ጎንበስ ብላ ውሃውን አሸተተችው። ‹ገና ነው› ብላ ወጣች።»

ገና ነው ካለች ገና ነው። ስንት ሳምንት እንደቀረ የምታውቀው እሷ ናት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!